ለአሮጌው ሻንሲ የሚሆን ቅብ

እሑድ፣ ኖቬ. 2፣ ማታ

ዛሬም ጧት የሙከራ ብረቶቹ ላይ የጨው ውሃ ረጨሁ። አራት ቁራጭ፣ በጋራዡ አጥር ላይ በሽቦ የተንጠለጠሉ። አንዱ ሬንጅ የተቀባ። አንዱ ሚኒዩም፣ ያ ብርቱካንማው የድሮ ቀለም። አንዱ ዚንክ የበዛበት ግራጫ ቀለም። አራተኛው የአባቴ ነው፤ ብረቱን አግለው ዘይት አጠጥተው ያጠቆሩት፣ ወገራ ሳለን ማረሻ ሲሠሩ እንደሚያደርጉት። ሁሉንም በምስማር ጫርኳቸው። መንገድ ላይ ጠጠር መምታቱ አይቀርማ።

ደብተሬ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፣ አንዳንዴ ለእኔም ይምታታብኛል። መኪናው የሃምሳዎቹ አሜሪካዊ ነው። ባለቤቱ አሽቀሎን ባሕሩ አጠገብ የሚኖር ሰው። የመኪናው አካል ወርዶ ለብቻው ተቀምጧል። ለእኛ የተሰጠን ሻንሲው ነው፣ መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጥንት። ዝገቱን ማራገፍ፣ የባሕሩ አየር ዳግመኛ እንዳይበላው መቀባት። የጋራዡ ባለቤት ሞሪስ ቅቡን አንተ ምረጥ አለኝ። የምጠየቀውም እኔው ነኝ።

ሞሪስ አባቴን ዝገት እንዲፍቁ የወሰዳቸው ለሙከራ ነው። ሻንሲው ካማረ እዚሁ ሥራ ላይ ይቀራሉ። ካላማረ ወደ በረንዳቸው ይመለሳሉ። በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አውቶቡስ ሲያልፍ ሲያዩ ነው የኖሩት። የሥራ ቢሮዋ ልጅ ዕድሜያቸውን አይታ ወረቀቱን መለሰችልን። እዚያ ብረት ሲሠሩ ቡዳ ተባሉ። እዚህ ብረት ልንካ ሲሉ አርጅተሃል ተባሉ።

ረቡዕ፣ ኖቬ. 5

ውጤቱ ታየ። ሬንጁ ላዩ ያምራል፣ በቢላ ሳነሳው ከሥሩ ዝገት። ዋሾ ነገር። ሚኒዩም ደህና ነው፣ ግን ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። የአባቴ ጥቁር ብረት ጭረቱ ላይ ብቻ ነው የዛገው። ሆኖም ያን የሚያህል ሻንሲ በየትኛው እሳት ይጋላል? ዚንኩ ጭረቱ ላይ እንኳ አልዛገም። በቃ፣ ዚንክ።

ጣሳው ላይ ያለውን ዕብራይስጥ እየተንተባተብኩ አነበብኩት፦ ብረቱ የነጣ ይሁን፣ ደረቅ ይሁን፣ ቅባት አይንካው። ለአባቴ ዚንክ ነው የመረጥኩት አልኳቸው። ጣሳውን አሸተቱና መልሰው አስቀመጡት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዚንኩ በማሸነፉ ደስ ብሎኛል። ሞሪስ ፊት ቆሜ ስለ አባቴ ዘይት ማስረዳቱ ያሳፍረኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኖቬ. 7፣ ከሰዓት

ሻንሲው ነጣ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁት ሰነበቱ። ሞሪስ በማሽን አሸዋ እየተረጨበት ይጽዳ ሲል ነበር፤ የአባቴን እጅ ካየ ወዲያ ነገሩን ተወው። እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። በእኛ ልማድ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ለሰንበት እጅ ከሥራ ይወጣል። ገላ መታጠብ አለ፣ ልብስ መለወጥ አለ። የሞሪስ ጋራዥ ግን እስከ ስምንት ይሠራል። መቀባት ብንጀምር አንጨርስም፣ ብንተወው ብረቱ ራቁቱን ሊያድር ነው። አባቴ ስድስት ሲሆን ብሩሹን አስቀመጡ። ክርክር የለም። እኔ ልታጠብ ቀደምኩ፣ እሳቸው ትንሽ ቆይተው መጡ።

ጤዛው ያሳስበኛል። በዚህ ወር ጧት ጧት መስኮቱ ሁሉ ውሃ ነው።

እሑድ፣ ኖቬ. 9

ማመን አቃተኝ። ሁለት ሌሊት ጤዛ ወርዶበት ሻንሲው ላይ አንዲት የዝገት ነጥብ የለችም። አጥር ሥር የጣልነው የተፋቀ ትርፍራፊ ብረት ግን ቀልቷል። ዕድል ነው አልኩና አልመረመርኩም። ሞሪስ ሐሙስ አካሉን እንጭናለን እያለ ያጣድፋል። ቅባት በሚያነሳው ቲነር መወልወሉን ዘለልኩት። ሲመሽ ዚንኩን ቀብቼ ጨረስኩ። ወገቤ የለም።

ማክሰኞ፣ ኖቬ. 11

አባቴ የሥራ ጫማ ገዙ። ከእኔ ጋር አልተማከሩም፤ ገበያ ብቻቸውን ሄደው፣ በጣታቸው እያሳዩ ገዝተው መጡ። ቤት ውስጥ አድርገውት ይዞራሉ። እራት ላይ ስለ ሞረድ ስለ መዶሻ ሲያወሩ አመሹ። እንዲህ ሲያወሩ የሰማኋቸው መቼ እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ደስ ብሎኛል፣ በጣም።

ሐሙስ፣ ኖቬ. 13

ምን ልበልሽ። አካሉን ልንጭን ሻንሲውን በገመድ ሳብ ስናደርገው፣ ገመዱ ያለፈበት ቀለም ተልጦ መጣ። በጥፍሬ ሞከርኩት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ሌላ ቦታ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ከሥሩ ብረቱ ንጹሕ፣ ግን ጣት ላይ ያሙለጨልጫል። ዘይት!

ያኔ ገባኝ። ወገራ፣ አባቴ ዓርብ ቀን እጃቸውን ከመታጠባቸው በፊት የመጨረሻ ሥራቸው ይኸው ነበር፤ ያላለቀውን ብረት ሁሉ በዘይት ጨርቅ ማበስ። ያን ዕለት እኔ ልታጠብ ስሄድ እሳቸው ወደ ኋላ የቀሩት ለዚህ ነው።

ሞሪስ ጮኸ። ማን ነው የነካው አለ። እኔ ነኝ፣ በቲነር ሳልወለውል ቀባሁት አልኩ። ግማሹ እውነት ነው። ሰምቼ የማላውቀውን ስድብ አወረደብኝ። አባቴ ከወዲያ ቆመው ያያሉ። ምን ይልሃል አሉኝ። ቀለሙ አልያዘም ነው የሚለው አልኳቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ለእኔ የተተረተ ነው።

እሑድ፣ ኖቬ. 16

መልሶ መፋቅ። ረፋድ ላይ አባቴ የተላጠ ቀለም አነሱ፣ ጀርባውን በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። ዘይትና ይኼ ቀለም ይጣላሉ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም አሉ። ጣሳው ላይ ያነበብኩትን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ምን ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው መሰለኝ።

በክንዴ ይዘውኝ ሞሪስ ፊት አቆሙኝ።

«ንገረው። ብረት ሰንበትን ራቁቱን አይውልም ብዬ ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ በለው። አንዲት ቃል እንዳትቀንስ።»

«አባዬ፣ ይኼን ከሰማ እኮ ያሰናብትዎታል።»

«ያሰናብተኛ። በእኔ ጥፋት ልጄ ሲሰደብ ቆሜ ላይ ነው?»

ተረጎምኩ። ቃል አልቀነስኩም። ሞሪስ ሲጋራ ለኮሰ፣ አባቴን አያቸው፣ አዲሱን ጫማቸውንም አየ። ነገ እንነጋገራለን ብሎ ወጣ። አባቴ ቀለል ብሏቸው ራታቸውን በሉ። እኔ የራሴን ሳልነካ ተነሳሁ። ያ በረንዳ ፊቴ ላይ ድቅን እያለ አስፈራኝ።

ሰኞ፣ ኖቬ. 17

ሞሪስ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሻንሲው ነው። አሁን ምን እንቀባለን? መገጣጠሚያው ውስጥ የገባው ዘይት ቢታጠብም ጨርሶ አይወጣም፣ ስለዚህ ዚንክ ቀርቷል አልኩት። ሚኒዩም ይሁን። ራሱ በተልባ ዘይት የተበጠበጠ ስለሆነ ከትንሽ ቅባት ጋር አይጣላም። ለመድረቅ ይዘገያል፣ ይዘግይ። ሞሪስ ለአሽቀሎኑ ሰው ደወለ። ሰውዬው አጉረመረመ፣ ኋላ ተስማማ።

ቀኑን ሙሉ በቲነር አጠብን፣ በጨርቅ አደረቅን፣ እንደገና አጠብን። ስለ አባቴ ግን አንድም ነገር አልተነሳም። እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ረቡዕ፣ ኖቬ. 19

የትናንቱ ሚኒዩም ይዟል። በጥፍር ጫፍ ነካሁት፣ ገና ለስላሳ ነው፣ ግን ከብረቱ ንቅንቅ የለም። አባቴ ክዳኑን እንደከፈቱ ተልባ መሆኑን ከጠረኑ ዐውቀውት ነበር፤ ብሩሹን ከእጄ ወስደው ግማሹን ራሳቸው ናቸው የቀቡት።

ምሳ ላይ ሞሪስ ጠራን። እንዲህ ያለ እጅ በቀላሉ አይገኝም፣ እዚሁ ይቅሩ፣ ግን ከእንግዲህ ሳይጠይቁ ብረት ላይ ምንም እንዳይቀቡ አለ። ተረጎምኩ። አባቴ እሺ አሉ። ቀጥለው ደግሞ እኔም ቃል አለኝ አሉ፦ ዓርብ ስድስት ሰዓት እጃቸው ከሥራ ይወጣል፣ የተፋቀ ብረት ሁሉ ሐሙስ ተቀብቶ ያልቃል እንጂ ለዓርብ አይተርፍም። ሻንሲ ያበላሸ ሰው ቃል ሲያስገባ አስቢው! ይኼንንም ተረጎምኩ።

ሞሪስ ሳቀ። ለሽማግሌው ይሁንላቸው አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እስካሁን አንተን ታገስኩ፣ ሁለታችሁም ስድስት ሰዓት ላይ ከወጣችሁ ግን ዓርብ ጋራዡ ባዶ ነው፣ አንተ እስከ ስምንት ትቀራለህ፣ ያለዚያ እሳቸውን አልወስድም አለ። ከምሽቱ በፊት እኮ ቤትህ ትደርሳለህ ሲልም ጨመረ። ለእሱ ሰንበት የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ለአባቴ ግን ስድስት ሰዓት ካለፈ ሰንበት ገብቷል። ዕድሜዬን ሙሉ ያችን ሰዓት አልፌ ሠርቼ አላውቅም፣ ሱዳን መጠለያ ውስጥ እንኳ።

እሺ አልኩ።

አባቴ ምን አለህ አሉኝ። ይሁንላቸው ብሏል አልኳቸው። ተመስገን ብለው ወደ ሻንሲው ተመለሱ፣ እያንጎራጎሩ።

እናም ወስኛለሁ። ዓርብ እኔ ጋራዡ እቀራለሁ። ሁሉንም ተርጉሜ ይቺን ብቻ አስቀረሁ። ዓርብ ከነገ ወዲያ ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ አባቴን አስቀድሜ አሳፍራቸዋለሁ፤ እንደምቀር በሩ ሳይዘጋ እነግራቸዋለሁ።