የአሳማው ቀልዴ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ልደታ

ይሄ ምላሴ ምን አደረገኝ! የልጅ ልጄ ሰላም የልብ ቫልቭዋ በቅርቡ ይቀየራል። ሐኪሙ ሁለት ምርጫ ሰጣት። የብረቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ግን ደም የሚያቀጥን ክኒን ሁልጊዜ መዋጥ አለባት፣ ክኒኑ ደግሞ ለእርግዝና ያሰጋል። ከከብት የተሠራው ያለዚያ ክኒን ይሆናል፤ ግን ከዓመታት በኋላ ያረጅና ደረቷ ዳግም ይከፈታል። ልጅ መውለድ ስለምትመኝ የከብቱን መርጣ ነበር።

እሑድ ከልደታ ማርያም ስንመለስ፣ "ከብት ያሉሽ እንዳትሸሺ ብለው ነው እንጂ የአሳማ ነው። ቅዳሴ ላይ እንዳታንኮራፊብን!" አልኳት። የሳቀች መስሎኝ ረሳሁት።

ዛሬ ምሳ ላይ፣ "አባባ፣ የብረቱ ይሁንልኝ ልላቸው ነው" አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት።

"አሳማውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ የከብት ነው፣ ልጄ።"

"አሁን ደግሞ እኔን ለማጽናናት ብለው ነው!"

በልደታ ማርያም ማልኩላት።

"ሎተሪ ደረሰኝ ሲሉስ በማን ነበር የማሉት?"

በእሷው ነበር። ነገ በጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ጥፋቴን እናዘዛለሁ፤ እውነቱን ከእሱ አፍ ትስማው። እኔንማ ማን ያምነኛል።