ሽበት ያለውን ንጉሥ መምታት አቃተኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ ጎንበስ ሲሉ ዛሬም ከመጋዙ በላይ ይጮኻል ወይስ ታረቃችሁ? እማማስ? ጉልበቷ፣ ዓይኗ፣ ከጎረቤት ጋር ያላት ሙግት፣ ሁሉም እንደነበረ ነው? እህቴ እትዬስ ደህና ናት? አጎቴ ማጉረምረሙን አልተወም አይደል? ከተወ ሐኪም ይየው። እኔ አካሌ ደህና ነው፤ የታመመው እርጋታዬ ነው። ስቀመጥ እግሬ ይወዘወዛል፤ ስቆም ልቀመጥ ልቀመጥ ይለኛል። ሥራዬም አላገዘኝም። ሊፍት ጠጋኝ ቀኑን ሙሉ ሲወጣ ሲወርድ ይውልና፣ የት ደረስክ ቢሉት ምድር ቤት ነው።

እትዬ መልእክትዎን አድርሳኛለች። «መጥቶ የእንጨት ሥራ ቤቱን ይረከብ፤ አለዚያ ዘግቼ ቁልፉን ጉድጓድ እጥለዋለሁ» ብለዋል አሉ። እኔም መልስ ሳልሰጥ ሰነበትኩ። በደወሉ ቁጥር «ሊፍት ውስጥ ነኝ፣ ኔትወርክ የለም» ስል ከረምኩ። ምክንያቴን ልንገርዎ፤ ከአንድ ንጉሥ ጋር ተጣልቼ ነው። አይደንግጡ፣ ንጉሡ ቴሌቪዥን ውስጥ ነው።

አብሮኝ የሚኖረውን ፀጉር አስተካካይ በፎቶ አይተውት «የዚህን ሰው ፀጉር ደግሞ ማን ነው የሚያበላሽበት?» ያሉት ትዝ ይልዎታል። እሱ ነው ጌሙን፣ ያን በቴሌቪዥን የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ ይዞብኝ የመጣው። የጥንት ግሪኮች ተረት ነው። አማልክታቸው፣ አባባ፣ ሥራ የሚባል የላቸውም። ይጣላሉ፣ ይካሰሳሉ፣ ይወልዳሉ፤ የወለዱትን ደግሞ ይፈራሉ። እኛ አንዱን ልጅ በጆይስቲክ እየነዳን፣ ጎራዴ አስይዘን መንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ እንመታለን። የበሬ ራስ ያለውን ሰውዬ ጣልነው። ሦስት ራስ ያለውን ውሻ በመከራ አለፍነው። ፀጉሯ እባብ የሆነች ሴት ዘንድ ስንደርስ ግን ፀጉር አስተካካዩ እጄን ያዘኝ። «ተው አትግደላት! ይህን ፀጉር ሥርዓት ማስያዝ የምችል በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ!» አለኝ። ስንከራከር ሴትየዋ ዞር ብላ አየችንና ድንጋይ አደረገችን።

በስንት ልፋት ከተራራው ጫፍ ደረስን። እዚያ ጢሙ እስከ ጉልበቱ የወረደ፣ ራሱ እንደ ጥጥ የነጣ ንጉሥ መብረቅ ይዞ ከደመና ወጣ። እኔም ሳላስበው ብድግ አልኩ። ፀጉር አስተካካዩም ቆቡን አውልቆ ብድግ አለ። ሁለታችንም ቆመን «ተቀመጡ» እስኪለን ስንጠብቅ፣ ሰውየው በመብረቁ አነደደን።

ደግመን መጣን፤ ደግሞ አነደደን። መምታት አቃተኝ፣ ጣቴ አልታዘዝ አለ። ንጉሡ ለካ እኛ የምንነዳው ልጅ አባት ነው። ልጁን «ዕድሜህን ሙሉ ይህን በር ጠብቅ» ይለዋል፤ ልጁ ደግሞ ከበሩ ወዲያ ያለውን ማየት ይፈልጋል። «ሽበት ላይ እጅ አይነሣም» ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ አልመታሁትም። ዞርኩት። በግራ ዞርኩ፣ በቀኝ ዞርኩ፣ ዘለልኩ፣ ተንከባለልኩ። ሥራ ቦታም የሊፍቱን ሞተር ትቼ ዙሪያውን ስዞር አለቃዬ «ምን ጠፋብህ?» አለኝ።

እንዲህ ስንረግጥና ስንዘል ከእኛ በታች የምትኖረው ነርስ «ጣሪያዬ ላይ ሠርግ አለ እንዴ?» እያለች ወጣች። ቆማ አየችኝ። «ምን እያደረግክ ነው?» አለችኝ። «እያከበርኩት ነዋ» አልኳት። «ይሄ ነው ማክበር? ሰውየው አዙሮት ሊወድቅ ነው እኮ! እኔ አባቴን በየቀኑ በስልክ እሞግተዋለሁ። አንድ ቀን ዝም ካልኩ ታመመች ብሎ እንቅልፍ ያጣል። የተናቀ ሽማግሌ ማለት መልስ የተነፈገ ነው» ብላ ጆይስቲኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። ፀጉር አስተካካዩ «እኔ አላየሁም፣ ምስክር አትጥሩኝ» ብሎ ዓይኑን ሸፈነ። ነርሷ ፊት ለፊት ሄደች፤ መታችው። ሞተ ብዬ ስጠብቅ ንጉሡ ተነሥቶ ጢሙን አራገፈና ከበሩ ላይ ዞር አለ። ይኸው ነው። ሰማይ አልተቀደደም። ከበሩ ወዲያም ያለው ሌላ ተራራ ነው፤ ያውም የባሰ።

አባባ፣ እጄን በእርስዎ ላይ የማነሣበትን ቀን አያምጣው። ቃሉን ግን ፊት ለፊት ልናገር፤ የእንጨት ሥራ ቤቱን አልረከብም። እንጨት አይወደኝም። የሠራሁት በርጩማ አጎቴን እንደጣለው ያውቃሉ፤ ሰውየው የሚያጉረመርመው ወዶ አይደለም። ሽቦና ሞተር ስፈታ ግን እጄ ይረጋል፤ ከሰውነቴ ሁሉ የሚረጋው እሱ ብቻ ነው። ሙያዬ ይህ ነው፤ እዚሁ እቀጥላለሁ።

ቢሆንም በሩን አይዝጉት። ወገብዎ ከያዘዎት ወዲህ የሰዉን በርና መስኮት የምትልገው እትዬ ናት። ደንበኛ ሲመጣ ግን «ልጄ እስኪመጣ ነው» ይላሉ። ልጅዎ እኮ አጠገብዎ ቆማለች፣ ሰጋቱራው ፀጉሯን ሞልቶት። ትፈልገው እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቋትም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ይጠይቋት። እምቢ ካለች ያኔ ቁልፉን ጉድጓድ ይጣሉት፤ እኔም አላለቅስም።

ለእማማ እግሯን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ «ከስተሃል» ለምትለው አልከሳሁም፣ ፎቶው ነው። አጎቴን ሰላም ይበሉልኝ፤ ስለ በርጩማው ዛሬም ይቅርታ። እትዬን ሰላም ከማለትዎ በፊት ጥያቄውን ይጠይቋት፤ ሰላምታው ይደርሳል። ፀጉር አስተካካዩ እጅ ነሥቷል። ነርሷም «ጎበዝ አባት ይቆጣል» ብላለች።

እሑድ እደውላለሁ። ስልኩን ለእማማ አያቀብሉት፤ እርስዎ ራስዎ ያንሡትና ይቆጡኝ። እርግማን ብቻ ይቅርብኝ እንጂ ድምፅዎ የፈለገውን ያህል ይጩኽ፤ ተናግረው እስኪጨርሱ አልዘጋም።

የማይመጣው፣ የሚወድዎ ልጅዎ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከነርሷ ጣሪያ በላይ
ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፪