ወደ ታጁራ ስንሄድ መጋረጃ ላስዘጉን ሊቀመንበር

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ከበበው
በጅቡቲ የምንኖር ሐበሾች «ዓርብን በጉብኝት» ማኅበር ሊቀመንበር
ካሉበት

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ሙቀቱ እንዳይጎዳዎት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከእጅዎ፣ ጥላም ከራስዎ እንዳይለይ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ካርቲየ 6 ሰፈር ውስጥ ጨርቅና ሽቶ የምሸጠው የድሬዳዋዋ ሙኒራ ነኝ፤ በታጁራው ጉዞ ዓረብኛ ትችላለች ተብዬ በመልካም ፈቃድዎ አስተርጓሚ የሆንኩት፣ ከፊት ወንበርም የተቀመጥኩት። በጤናዬ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ግን ፊቴን የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎት ቢሮዎ ድረስ በተመላለስኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ ነው፤ ስብሰባ የበዛበት ሰው ቢያንስ ለማንበብ ጊዜ አያጣም ብዬ ተስፋ አድርጌአለሁ።

የማኅበራችን ዓላማ ቅዱስ መሆኑን የሚክድ የለም። ከወደቡና ከማዕከላዊ ገበያው በቀር ምንም ሳናይ እዚህ አገር ላረጀን ሰዎች ትንንሾቹን ከተሞች ከነታሪካቸውና ከነባሕራቸው ላሳያችሁ ማለትዎ በእርግጥ የሚያስመሰግን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለዓይናለም የዋሉት ውለታ ተነግሮ አያልቅም። ዓይናለም የወሎ ልጅ ናት፤ ማዳም ነጅማ ቤት እያደረች ትሠራለች። ከወጥ ቤቱ መስኮት ባሕሩ ቁልጭ ብሎ ይታያታል፤ እግሯን ነክራበት ግን አታውቅም፣ እረፍት የሚባል ነገር አልነበራትማ። ማዳም ለዚያች አንድ ዓርብ የለቀቀቻት እርስዎ ራስዎ በሯ ላይ ቆመው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ አደራዋን ተቀብያለሁ፣ ወስጄ የምመልሳትም እኔ ነኝ ስላሏት ነው። አጠገብዎ ቆሜ ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ የእኛ ሰው በመሆንዎ ኮርቼ ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1. ስለ አውቶቡሱ መጋረጃ አመሰግናለሁ። ወደ ታጁራ በሚወስደው መንገድ በግራ በኩል፣ በተራራው ሥር፣ የአገራችን ልጆች ያለ የሌለ ጓዛቸውን በፌስታል አንጠልጥለው በእግራቸው ሲሄዱ ደረስንባቸው። ወደ የመን የሚያሻግር ጀልባ ፍለጋ ወደ ኦቦክ የባሕር ዳርቻ የሚሄዱ መሆናቸውን ጅቡቲ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ክቡርነትዎ ግን ማይክራፎኑን አንስተው፣ በግራ ያላችሁ መጋረጃችሁን ዝጉ፣ ሁላችሁም ወደ ቀኝ ወደ ባሕሩ ተመልከቱ፣ የመጣነው ልንዝናና ነው ሲሉ ምን ያህል እንደሚያስቡልን ተረዳን። እኛም ዘጋን፤ ዘፈኑም ከፍ ተደረገ። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሐበሻ፣ ሐበሻ እንዳያይ ተሽቀዳድሞ ሲጋረድ ማየት በፕሮግራሙ ላይ ያልተጻፈ ትርዒት ነበርና ሳናስበው ጎበኘነው።

2. ይህኛው ቢረዝምብዎት ይቅርታዎን አይንፈጉኝ። ከተማው መግቢያ ላይ አስጎብኚያችን ሐጂ አብዱላሂ ግራር ሥር ቆመው ይጠብቁን ነበር። በዚያው ጥላ ከኛ ቀድመው የደረሱ እግረኞች አርፈዋል፤ ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ መነሳት አቅቷት ተጋድማለች። ሐጂ ወደ እርሷ እያመለከቱ፣ እነዚህ ወገኖቻችሁ ናቸው ወይ ብለው በዓረብኛ ጠየቁኝ፤ እኔም ለእርስዎ አስተረጎምኩ። እርስዎም የፀሐይ መነጽርዎን እንኳ ሳያወልቁ፣ አናውቃቸውም በያቸው አሉኝ።

እኔም አልኳቸው። አፈር ልብላ፣ አልኳቸው! ድምፄ እንኳ ሳይሰበር፣ ጨርቅ እንደምሸጥበት ባለ ጥሩ ዓረብኛ፣ አናውቃቸውም አልኩ። ልጅቱ በዚያው ቅጽበት ውኃ፣ እናቴ ውኃ እያለች ነበር፤ የምትለውም ጥርት ባለ አማርኛ ነው፤ ሐጂም ቢሆኑ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም። እርስዎ ባዘዙኝ እኔ ተናግሬ፣ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ፣ ሦስታችንም ተጋግዘን ዋሸን። ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ፤ ያ ረቢ፣ ሽማግሌው ቀና ብለው ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሐጂ አልተከራከሩም። ጎረቤታቸውን ጠርተው ልጅቱን መኪና ላይ ጫኗት፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳትና ቋንቋዋን የሚያውቅ አንድ ሰው አብሯት እንዲሄድም ለመኑን። ከአውቶቡሱ የወረደችው ዓይናለም ብቻ ናት። ባሕር እገባለሁ ብላ ጫማዋን ገና ከመንገድ አውልቃ በእጇ ይዛ ነበር፤ እንደያዘችው መኪናው ላይ ወጣች። እኛ ጉብኝታችንን ቀጠልን።

3. ታሪኩን ስላሳጠሩልን አመሰግናለሁ። ሐጂ ልጅቱን ልከው ተመለሱና አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣቸው ነጫጮቹን መስጊዶች፣ የድሮውን የወደብ ዳርቻ አሳዩን። የሲራራ ነጋዴዎች ከደጋው አገራችን ወርደው እዚህ እንዴት ያርፉ እንደነበር ሲነግሩን በደስታ አስተረጎምኩ፤ ከዚያ ቀጥለው በባርነት የተነዱ የእኛው ሰዎች በዚያው ዳርቻ ወደ ጀልባ ይጫኑ እንደነበር ሲጀምሩ፣ ክቡርነትዎ ይሄን ይለፉት፣ ደስ የሚለውን ይንገሩን በያቸው አሉኝ። ታሪክ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ታሪኩን የሚያስቆም ሊቀመንበር ማግኘት መታደል ነው። ደስ የሚለው ዓሣ ጥብስ ነበርና እሱን በላን። እኔም በልቻለሁ።

4. ስለ ሰዓት አክባሪነትዎ። ለመመለስ ስንዘጋጅ ዓይናለም ከሐኪም ቤት ሰው ልካ፣ የልጅቱ ግሉኮስ እስኪያልቅ ጥቂት ጠብቁኝ ብላ ለመነችን። ዓሣው እስኪበስል ለመጠበቅ ያላነሰን ጊዜ ለእርሷ አነሰ፤ ፕሮግራም ፕሮግራም ነው ተባለና ሄድን። ይህም ባልከፋ፤ ችኩል ሰው ብዙ ነው። ማዳም ነጅማ በሯ ላይ ዓይናለምን የት ጣላችኋት ስትልዎት ግን፣ ከእነዚያ እግረኞች ጋር ወደ የመን ሄደች ብለው መለሱላት! ይህን ማን አስተማረዎት? ዓይናለም በማግስቱ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤውን በመርከብ ተሻግራ በሩን ስታንኳኳ ማዳም ከየመን ቶሎ ተመለስሽ ብላ መዝጊያውን ፊቷ ላይ ደረገመችው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ምስጋና አልሆን ብሎኛል። ዓይናለም አሁን ሱቄ ውስጥ በጨርቅ ጥቅል መካከል ትተኛለች። የመኖሪያ ወረቀቷ የተያዘው በማዳም ስም ነው፤ ማዳም አላውቃትም ካለች በሚቀጥለው አፈሳ መኪና ላይ ጭነው ጠረፍ ይጥሏታል። ቀን ቀን ሱቄን ትጠርግልኛለች፤ ተይ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ ስላት ሥራ ካልነካሁ እፈራለሁ ትላለች። ስለ እርስዎ አንድ ቀን ክፉ አውርታ አታውቅም። እንዲያውም ጋሽ ከበበው ረስተውት ይሆናል፣ ሥራ ይበዛባቸዋል ትለኛለች፤ እኔ ይህን ስሰማ የማደርገው ሲጠፋኝ ወደ ጓሮ እወጣለሁ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቃል የሰጡበት በር የት እንዳለ ያውቁታል፤ ሄደው ያንኳኩትና ጥያት የመጣሁት እኔ ነኝ ይበሉ። ይህን ባደርግ የማኅበሩ ስም ይጠፋል ማለትዎን በሰው ሰምቻለሁ። አቦ! የትኛው ስም? ታጁራ ግራሩ ሥር ትተነው የመጣነውን ከሆነ፣ ያንን እኔው ራሴ በዓረብኛ አጥፍቼዋለሁ፤ እርስዎ የቀረ ካለዎት ይንገሩኝ። እኔን የሚያሳፍረኝ የእርስዎ መዋሸት ብቻ አይደለም፤ አስተርጉሚ ሲሉኝ ምላሴ እንዲህ ቀልጠፍ ማለቱ ነው። አልልም ማለት እችል ነበር፤ ወላሂ፣ እችል ነበር።

ለማኅበራችን ላሳዩት ትጋት፣ ለአባላት ምቾት ላሳዩት ጥንቃቄ፣ ከሁሉም በላይ ያላዩትን ነገር የለም ለማለት ስላለዎት ብርቱ ችሎታ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በሚቀጥለው ጉብኝትም ፀሐይ እንዳይነካዎት እየጸለይኩ እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞ አስተርጓሚዎ፣ አክባሪዎና በእርስዎም በራሷም የምታፍረው፣
ሙኒራ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ሳልልከው ሐጂ አብዱላሂ በመርከብ መጡ። ዓይናለም ልጅቱ እንዴት እንደሆነች ለመጠየቅ ደውላላቸው ኖሮ ሁሉንም ሰምተዋል፤ ልጅቱም ቆማ መሄድ ጀምራለች። ሽማግሌው ከወደቡ በቀጥታ ማዳም ነጅማ በር ሄደው ያዩትን ሁሉ መሰከሩላት። ማዳም ምኗ ነዎት ብትላቸው፣ ከተማዬን ልታይ የመጣች እንግዳዬ ናት፣ ቤቷ እስክትገባ ድረስ ኃላፊነቷ የእኔ ነው አሏት። ዓይናለም ዛሬ ጠዋት ሥራ ገብታለች። ስለዚህ ከላይ የለመንኩዎትን ይተዉት፤ ሰው ተገኝቷል።