በገጽ 214 ላይ ስለሚለጠፈው ወረቀት

ለክቡር ዶክተር፣
የመንፈሳዊ መጻሕፍት ማሳተሚያ ክፍል የበላይ ኃላፊ፣ የዐሥራ ሰባት መጻሕፍት ደራሲ፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተሰረዘው አንቀጽ በማን እጅ እንደሚመለስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ድምፅዎ ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ከአካልዎ ሁሉ ያለ ዕረፍት የሚሠራው እርሱ ነውና። እኔ ምድር ቤት ባለው የእርማት ክፍል ከታላቅ እህቴ ጋር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ አራሚ ነኝ። ስሜን እንደማያውቁት አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩም። የአራሚ ስም የሚነሣው ስሕተት ሲገኝ ብቻ ነው፣ እርሱም አሁን ተገኝቷል።

ሥራችንን ምናልባት ከላይኛው ፎቅ ሆነው ስላላዩት ባጭሩ ልግለጽልዎ። እኔ የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ይዤ ጮክ ብዬ አነባለሁ። እትዬ (ታላቄ ስለሆነች እንዲህ ነው የምላት፤ እርስዎ «ሴትዮዋ» ይሏታል) ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ የተተየበውን ረቂቅ ከየመስመሩ በታች ማስመሪያ እያስጠጋች ትከተላለች። እኔ ያነበብኩት እርሷ ዘንድ ከሌለ ትጨምራለች። እኔ ያላነበብኩት እርሷ ዘንድ ካለ ደግሞ በቀይ ሰርዛ በጠርዙ «በዋናው የለም» ብላ ትጽፋለች። በሥራ ሰዓት ከጽሑፉ ሌላ ቃል አንናገርም። ደንቡ የእርስዎ ነው፤ ፊርማዎ ያለበት ወረቀት እስከ ዛሬ በሩ ላይ አለ።

በዚህ አኳኋን ዐሥራ ሰባቱንም መጻሕፍትዎን ከነሰረዛቸው ከነአራት ነጥባቸው ድምፄን አውጥቼ አንብቤአለሁ። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው በሕይወት ያለ አይመስለኝም፣ እርስዎን ጨምሮ። ስለዚህ እንደ አንድ አንባቢ የተሰማኝን በቅንነት ባቀርብ ድፍረት እንደማይሆንብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ጽፌዋለሁ። ድፍረት ነው።

1. «ስለ ትሕትና» የተሰኘው ባለ ሦስት ቅጽ ሥራዎ እጅግ አስተምሮኛል። በሦስቱም ቅጾች ሽፋን ላይ ፎቶግራፍዎ አለ፤ ትሕትናው እየጠለቀ ሲሄድ ፎቶግራፉም እየተለቀ መሄዱን ያስተዋልኩት ሦስተኛውን ስናርም ነው። መጨረሻው ላይ ያለውን የስሞች ዝርዝር ያዘጋጀችው እትዬ ናት። የእርስዎ ስም ከፈጣሪ ስም በአራት ገጽ በልጦ እንደሚጠቀስ ነግራኝ፣ ተሳስታ እንዳይሆን ብዬ እኔም ቆጠርኩ። ተሳስታ ነበር። በስድስት ነው። ሲጸልዩ ማን ማንን እንደሚጠራ ግራ እንዳይጋቡ በማሰብ ዝርዝሩን ሳንነካው አለፍነው።

2. «ምሥጢረ ሥላሴ ለሁሉም» በተባለው መጽሐፍ ገጽ 31 ላይ ሥላሴን ባለ ሦስት እግር በርጩማ መስለው ያስረዳሉ። ገጽ 33 ላይ ደግሞ ሥላሴን በቁሳቁስ የሚመስል ሁሉ መናፍቅ እንደሆነና ከኅብረቱ መለየት እንዳለበት ይደነግጋሉ። ገጽ 32 ላይ የበርጩማው ሥዕል አለ። ለራስዎ የንስሐ ዕድሜ አንዲት ገጽ እንኳን መስጠትዎን አደንቃለሁ፤ ለሌሎች ይህን ያህል አይሰጡም።

3. «የመከራ ምክንያቶች» የሚለውን መጽሐፍ ስጠቅስ እጄ ይከብደኛል፣ ስለዚህ በቀስታ እጽፋለሁ።

ከሰባት ዓመት በፊት የእትዬ ልጅ በተወለደ በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ክርስትና የሚነሣበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ልብሱ ተሰፍቶ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እትዬ ሐዘኗን ሳትጨርስ ወደ ቢሮዎ ወጥታ አንድ ነገር ብቻ ልትጠይቅዎ ፈለገች፣ ልጄ የት ነው ብላ። ጸሐፊዎ እንደነገረችኝ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሆኖም ቸርነትዎ አላስቻለዎትምና ይህን መጽሐፍ በበሩ ክፍተት ላኩላት። ውስጡ «ከመልካም ምኞት ጋር» ይላል። ፊርማው ያምራል።

መጽሐፉ የመከራን ዐሥራ ሁለት ምክንያቶች ይዘረዝራል። እትዬ አራሚ ናትና እንደ አራሚ አነበበችው፤ ማስመሪያዋን ከመስመሩ በታች እያስጠጋች፣ ከዐሥራ ሁለቱ የእርሷ የትኛው እንደሆነ ፈለገች። ዘጠነኛው ላይ ማስመሪያው ቆመ። ዘጠነኛው የወላጆች ስውር ኃጢአት ነው። ቀና ብላ፣ በሥራ ሰዓት፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ ደንብዎን ጣሰች።

«ምን አድርጌ ይሆን?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እርስዎ ግን ዐሥራ ሁለት ነበረዎት። ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ እንኳን «አላውቅም» የሚል ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን ዛሬ ከትራሴ ሥር አኖረው ነበር። አሁን ያለው የሚንገዳገደው ጠረጴዛችን እግር ሥር ነው፤ ካሳተሟቸው ሁሉ የሰው መከራ ያቃለለ እርሱ ነው።

4. ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከሁለት ዓመት በፊት «የሕፃናት ዕጣ» የተሰኘው መጽሐፍዎ ለእርማት ወረደ። አራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ፣ ገጽ 214፣ ስለ ምሕረት የሚናገር ውብ አንቀጽ አለ፤ ምሕረቱ ስፍር እንደሌለው፣ ደጁም ለታናናሾች እንደማይዘጋ። ያ አንቀጽ ሲያልቅ ዓይኔ ቀድሞኝ ወደሚቀጥለው ወረደ። እርስዎ ስለማያስታውሱት ልጥቀስልዎ፦ «ይሁን እንጂ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ከዚህ ብርሃን ውጭ ናቸው። የእናቶቻቸው እንባ ይህን አይለውጠውም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለው እንባ በፍርዱ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ስለሆነ ራሱ ንስሐ ያስፈልገዋል።» ከእርሱ ቀጥሎ ምዕራፉ በአንድ መስመር ይዘጋል፦ «ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ልብህ ይረፍ።»

ክቡር ሆይ፣ ያን «ስለዚህ» ሲጽፉት ምን እየበሉ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ።

እትዬ ከፊቴ አለች። ማስመሪያዋ ዝግጁ ነው። እኔም አንቀጹን ዘለልኩት። ከምሕረቱ ቀጥዬ «ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ልብህ ይረፍ» ብዬ አነበብኩ። ጆሮዋን ላድን ብዬ። ጅልነቴ የገባኝ ድምፄ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ አንቀጹ እኮ እርሷ እጅ ባለው ረቂቅ ላይ ተተይቦ አለ። እኔ ያላነበብኩትን እርሷ በዓይኗ እያየችው ነው። ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። የቀዩን እስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ሰማሁ፤ ረጅም፣ ሳይቸኩል፣ ከጥግ እስከ ጥግ። በጠርዙም እንደ ደንብዎ «በዋናው የለም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀጣዩን ምዕራፍ አነበብኩ። ስለዚህ ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ እኔና እርሷ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

መጽሐፉ እንዲሁ ወጣ። የቀረውን እርስዎ ያውቁታል። እናቶች ጻፉልዎ። አንዲት እናት «ከስድስት ዓመት በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ» ብላ የጻፈችውን ደብዳቤ በክፍሉ የምሥረታ በዓል ላይ መነጽርዎን እየወለወሉ አነበቡት፤ ያን ገጽ ሲጽፉ ብዕሩን የያዘው ሌላ እጅ እንደነበር ተሰምቶዎት እንደነበረ ተናገሩ። እኛ ኋለኛው ረድፍ ተቀምጠን አጨበጨብን። እውነትዎን ነበር፤ ሌላ እጅ ነበር። ከእኔ ሦስት ወንበር ወደ ግራ።

ከአርባ ዓመት ሥራዎ ውስጥ ሰው አልቅሶ የተጽናናበት ብቸኛ ቦታ እርስዎ የጻፉት የተሰረዘበት ነው። ይህን የምለው ለማስቀየም አይደለም። ወይም፣ አዎ፣ ለዚያ ነው።

5. መጽሐፍዎን ለማንበብ ሁለት ዓመት ወስዶብዎ፣ እርሱም አንድ ተማሪ በሚያስተምሩበት ክፍል ተነሥቶ አቋምዎን ለምን እንደለወጡ ስለጠየቀዎት፣ ባለፈው ወር አንቀጹ እንደሌለ ደረሱበት። ወደ ምድር ቤቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ወረዱ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ስለተቸገሩ አዝናለሁ። ማን እንደሰረዘው ሲጠይቁ እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ይህ የቆየ ችግሬ ነው። እትዬ ግን ተነሥታ «እኔ ነኝ ዶክተር፣ እጄ ነው» አለች። የማን እናት እንደሆነች ሹፌሩ እንኳን ያውቃል። እርስዎም ያውቁ ነበር፤ ዓይንዎ ለቅጽበት ወደ መሬት ሲወርድ አይቻለሁ። ተመልሶ ሲወጣ ግን ፈገግታ ይዞ ወጣ።

«እንግዲያውስ የሰረዘ እጅ ይለጥፍ» አሉ።

ስለዚህም አንቀጹ በትንሽ ወረቀት ታትሞ፣ መጋዘን ባሉት ስምንት መቶ አርባ ቅጂዎች ሁሉ ውስጥ፣ ገጽ 214 ላይ፣ ምዕራፉ አልቆ ባዶ በቀረው ግማሽ ገጽ፣ በእርሷ እጅ እንዲለጠፍ ታዘዘ። ስምንት መቶ አርባ ጊዜ። ልጇን አንድ ጊዜ ነው የቀበረችው፤ እርስዎ አነሰ አሉ።

6. ለብቻዬ ስሆን የማስበውን ደግሞ ልናዘዝ፤ ተናዛዥ ይወዳሉና። ደረጃ ስወጣ፣ ጫማዬን ሳስር፣ በድንገት «ትክክል ቢሆንስ?» የሚል ይመጣብኛል። እኔ አሁንም እጸልያለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ የእርስዎ ቃላት ቀድመው ስለሚገቡ ብዙውን ጊዜ በዝምታ ነው። እርስዎ ያሉት ትክክል ከሆነ ይህን ሁሉ በምሬት የጻፍኩት ሰው ከብርሃኑ ውጭ ነኝ ማለት ነው። እንግዲያስ እዚያ አንድ የዐሥራ አንድ ቀን ልጅ አለ፣ አጎቱ እሆነዋለሁ። እርስዎ ከውስጥ ሆነው ሲያነቡልን እንሰማለን።

ልመናዬ አንድ ነው። አንቀጹን የዘለልኩት እኔ ነኝ። እርሷ የሰረዘችው ደንብዎ ስላዘዛት ነው፤ በደንቡ መሠረት ንጹሕ ናት። ትእዛዙን ከእርሷ አንሥተው በእኔ ላይ ያድርጉት። ይህን በክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ስለምለጥፈው ያነበበ ሁሉ ምስክሬ ነው። ስለ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ደመና ስለሌለው ትምህርትዎ፣ ስለ በርጩማው፣ ስለ ፊርማዎ ውበት፣ በተለይም እትዬን ሲቀጡ ድምፅዎን ዝቅ ስላደረጉበት ጨዋነት አመሰግናለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ መጽሐፍዎን በሙሉ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ።

እጅ በመንሣትና ዓይን በመጨፈን፣
ከምድር ቤት፣ ዋናውን ቅጂ የሚያነበው

ግልባጭ፦
ያን ሌሊት እንቅልፍ ለወሰዳት እናት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እስክለጥፈው ሦስት ቀን ፈራሁ። በመጀመሪያው ቀን ልመናዬን በቃል ለጸሐፊዎ ነገርኳት፤ «ትእዛዙ ይጸናል ብለዋል» ስትል የራሷ ድምፅ አፈረባት። በዚያው ቀን እትዬ ስልሳ ሁለት ለጥፋ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ቀድሜአት መጋዘን ገባሁ፣ የቀሩትን ልጨርስላት። እንዴት እንደጀመረችው ለማየት የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ትእዛዝዎ ከላይኛው ጠርዝ ስንት ጣት ወረድ እንደሚል፣ እንዳይጣመም፣ አየር እንዳይቋጥር ይዘረዝራል፤ በየትኛው ፊቱ እንደሚለጠፍ ግን አይልም። እትዬ ሙጫውን የቀባችው በተጻፈበት በኩል ነበር። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ «ዘላቂ ይሁን» ብለው እርስዎ የመረጡት፤ አንዲት ፊደል እንኳን አያሳይም። የቀሩትን ሰባት መቶ ሰባ ስምንት እንደ እርሷ አድርጌ ለጠፍኩ። ቀይ እስክሪብቶዎቻችንን ጠረጴዛው ላይ ትተናል። ከመውጣታችን በፊት እንደ ደንብዎ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ እርሷ ማስመሪያዋን አስጠግታ፣ ነጩን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አረምነው። ስሕተት አላገኘንበትም።