ጎረቤት ኢላማ ላይ ያረፉት የአባባ ጥይቶች

ለምወድሽ እህቴ ለቀጸላ፤

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ቤይሩት ብርዱ ገባ ወይስ ገና ነው? አሠሪዎችሽ እንቅልፍ ይሰጡሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዝናቡ ቦንጋን አለቅም ብሎ በጭቃ ከመንቦራጨቃችንና ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንን።

ዛሬ የአባባን ወሬ ነው የምጽፍልሽ። እንደምታውቂው፣ ተመርቄ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ከገባሁ ጀምሮ ለወጣቶች የሽጉጥ ተኩስ ክለብ ላቋቁም ብዬ እግሬ አላረፈም። ኃላፊያችን ፕሮፖዛሌን ወደደውና «አሠልጣኝ አምጣ፣ ነገ እንጀምራለን» አለኝ። ከአባባ ሌላ ማን አለ? ጎረምሳ ፖሊስ ሳሉ ጀምረው ጡረታ ወጥተውም ሲወዳደሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ግን «ሽጉጤን ሳላስቀምጥ የሰው እጅ አላቀናም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። እማዬ ደግሞ «ዐይናቸው ደክሟል፤ መነጽር ያድርጉ ስላቸው የሽማግሌ ነው ይሉኛል» እያለች ታማቸዋለች።

እጃቸው ግን ያው ነው። ክንዳቸውን ዘርግተው ሲለማመዱ አንጓቸው ላይ ውሃ የሞላ ስኒ ታስቀምጪ የነበረው ትዝ ይልሻል? ከፈሰሰ አዝለውሽ ግቢውን ይዞሩ ነበር። በእኔ ተራ አንድም ቀን ፈስሶ አያውቅም! ላንቺ ሆን ብለው ያፈሱ ነበር መሰለኝ።

ባለፈው እሑድ የፖሊሶች ውድድር እዚሁ ተደረገ። ከአባባ ጎን ይመኙሻል የምትባል የዋጫ ከተማ ልጅ፣ አዲስ ፖሊስ፣ ቆማለች። ተኩሱ ሲያበቃ ዳኛው ኢላማዎቹን አየና ራሱን አከከ። የአባባ ወረቀት አንድ ቀዳዳ የለውም፤ የይመኙሻል ወንፊት ሆኗል፤ ግማሹ ቀዳዳ መሃሉ ላይ፣ ግማሹ ዳር ዳሩን። ለካ ጥይታቸውን ሁሉ የልጅቷ ኢላማ ላይ ነው ያሳረፉት! በሕጉ ደግሞ የሰው ኢላማ የመታ ዜሮ ነው።

ዕድሜ ልካቸውን ተኩሰው በዜሮ ሊሸኙ ነው ብዬ ፊታቸውን ማየት ፈራሁ። ይመኙሻል ግን «ጋሼ፣ ቤትዎን ስተው እኛ ቤት ገቡ እኮ!» አለቻቸው። አባባ ወረቀቷን ዐይናቸው ሥር አስጠግተው መረመሩና «ታዲያ ባለቤቷ አጥር ላይ ቀርታ እኔ ሳሎን ገብቻለሁ!» ሲሉ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ «እጄ ደኅና ነው፤ ዐይኔ ነው ሰው ቤት የሄደ። እንግዲህ ልከተለው። ያቺ ልጅ ክንዷ ይወድቃል፤ ሰኞ ትምጣና ላሠልጥናት» አሉኝ። እታለም፣ መንገድ ላይ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ!

ሰኞ መጣች። ስኒውን አንጓዋ ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ ወዲያው ፈሰሰ። አባባ ኮስተር ብለው «የቤቱ ደንብ ነው፣ እዘይው» አሏት። እኔ እየተንፈራገጥሁ፣ እማዬ «ኧረ የዲግሪውን ልጅ እንዳትጥይብኝ!» እያለች፣ ግቢውን አዞረችኝ። ይኸውልሽ፣ እኔም በተራዬ ታዘልኩ።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች። ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ «በጸሎት አልረሳትም በልልኝ» ብለዋል። አባባ ደግሞ መነጽራቸውን አድርገው «ደብዳቤውን እኔ ሳላነበው አይታሸግም» እያሉ እላዬ ላይ ቆመዋል።

ወንድምሽ አብነት
ቦንጋ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2001 ዓ.ም.