መጋዝ ላይ ያለ ሰው አይጠራም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ፤

ደህና ነን ብዬ ልጀምር ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። «አባቴ ድምፄን መስማት ካልፈለገ ሁለተኛ አልደውልም» ያልሽው መልእክት ደርሶኛል። ልጄ፣ ስትሄጂ ያኮረፈው ኩርፊያ ካለፈ ቆይቷል። ባለፈው ያላናገረሽ ጠልቶሽ አይደለም። የግራ እጁን ሁለት ጣት መጋዙ ወስዶበት ነው።

አትደንግጪ፣ ቁስሉ እየጠገገ ነው። ሐኪሙ ጣቶቹን መልሶ ሊቀጥልለት ሞክሮ አልሆነም። አባትሽ ግን ያው አባትሽ ነው፤ ትናንት ጥፍሩን ስቆርጥለት «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሥራ ቀነሰልሽ» አለኝ። ሳቅሁለትና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጥፋቱ የኔ ነው። የወርክሾፑን ሕግ ታውቂያለሽ፤ መጋዝ ላይ ያለ ሰው ከኋላ አይጠራም። ፊት ለፊቱ ቆመሽ እስኪያይሽ ትጠብቂያለሽ፣ ማሽኑን ሲያጠፋ ያኔ ትናገሪያለሽ። በልጅነትሽ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን እየሮጥኩ ገብቼ ትከሻውን ያዝኩት። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ እጁ ከጣውላው ጋር ወደፊት ሄደ። ምን እንዳስሮጠኝ አትጠይቂኝ። ደስ ያለኝ ነገር ነበር።

ሊጠይቀው ለሚመጣው ሁሉ «ጣውላው ውስጥ ሚስማር ነበረበት» ይላል። ብቻችንን ስንሆን ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይዘጋኛል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት አንገቴን አቀርቅሬ ነው፤ ቀና ብዬ ዓይኑን ማየት አቅቶኛል።

ደግሞ ነገሩ የደረሰው ጠዋት ነው፤ አንቺ ከመደወልሽ በፊት። «ቆይኝ፣ አባትሽን ልጥራልሽ» ብዬሽ የተቋረጠው መስመሩ ከፍቶ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። እሺ በይኝ፣ ይኼንን እመኚኝ።

አሁን ያንቺን ስልክ ነው የሚጠብቀው። በደህና እጁ ይዞት ያመሻል። «ማን ሊደውል ነው?» ስለው «ሰዓት እያየሁ ነው» ይለኛል፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት እያለ። አደራሽን፣ ስለ ጣቱ እንዳላወቅሽ ሁኚና አጫውቺው። ራሱ ይንገርሽ።

አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፣ የነካሽው ይባረክ፣ እጅሽን ይጠብቅልኝ። ስትደውይ ግን በኔ ስልክ አይሁን፣ በራሱ ይሁን። እኔ ከእንግዲህ እሱን የምጠራበት አፍ የለኝም።

እናትሽ