ዳክዬዎቹ ያልተነሡበት ማክሰኞ

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያምሻል? ልጆቹስ? እናንተ ጋ ሬይካቪክ ዝናቡ አላባራ ብሏል ሲሉ ሰማሁ። እኛ በጤናችን ደህና ነን። ደሴቱም ሰላም ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት።

አንቺ ረቡዕ ሄድሽ፤ ቅዳሜ የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪው በጀልባ መጣ። በሰሜኑ ገደል ያለው የንስር ጎጆ ከነእንቁላሎቹ ተቃጥሏል። ሰኞ ማታ ደህና ነበር፤ ማክሰኞ ከሰዓት ግን አመድ ሆኖ ከባሕር ታየ፤ ተቆጣጣሪውም ያየው ከጀልባው ላይ ሆኖ ነው። ንስር የነካ ፍርድ ቤት እንደሚቆም አንቺም ታውቂያለሽ።

ሰውየው በቀጥታ ባለቤቴን፣ ቶርጊልስን፣ በጥያቄ ያዘ። “ክረምት ላይ ወደቡ ላይ ‘ይህ ንስር ዳክዬዎቼን ከጨረሰ እኔ እሱን እጨርሰዋለሁ’ ብለህ የፎከርከው ትዝ ይልሃል?” አለው። ቶርጊልስም “ፉከራ የሚያቃጥል ቢሆን ያንተ ቢሮ ድሮ አመድ ሆኖ ነበር” ብሎ መለሰለት። ሰውየው አልሳቀም፤ ጻፈው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ጠረጠርኩት። ጎተራ ገብቼ የላምባውን ጀሪካን ሳነሣው ቀለለኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው እጅጌውን እንደ ውሻ አሸተትኩ። እሱም ነቃብኝ፤ “ምን ሆነሻል አንቺ ሴት? ጅራት አበቀልኩ እንዴ?” አለኝ።

እሑድ ለገበያ የምናወጣውን ላባ ከዳክዬዎቹ ጎጆ ልሰበስብ ወጣሁ። ወደ ገደሉ የሚያደርሰው መንገድ በዳክዬዎቹ ጎጆዎች መካከል የሚያልፈው ብቻ ነው። ዳክዬ ደንግጣ ስትነሣ እንቁላሏ ላይ ኩሷን ትለቅበታለች፤ ግማቱም ከላባው ቶሎ አይለቅም። እያንዳንዱን ጎጆ አየሁ። ሁሉም ንጹሕ ነው። ማክሰኞ በዚያ ላለፈው ሰው አንዷም አልተነሣችም።

ለቶርጊልስ ደግሞ ተቀምጠውለት አያውቁም። እናታችን “ይህን በሬ ከዳክዬዎቼ አርቁልኝ” ትል አልነበር? እነሱ የሚቀመጡት የእሷን ግራጫ ካፖርት ለብሶ፣ እያንጎራጎረ፣ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ነው። ያንን አካሄድ ያስተማረችው ሁለታችንን ብቻ ነው። እኔ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ማዶ ጥርስ ሐኪም ቤት ነበርኩ።

ሰኞ ንስሩ ያቺን አንድ ዓይና ዳክዬ፣ እናታችን ከእጇ ታበላት የነበረችውን፣ ሲነጥቃት በመስኮት ቆመሽ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ። እኔም አልቅሻለሁ።

ያየሁትን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ተመልሶ ቶርጊልስን ወደ ከተማ ሊወስደው ነው። ትናንት ራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና “ሌላው ባያምነኝ ግድ የለኝም። አንቺ ግን እጅጌዬን አሸተትሽ” አለኝ።

የፖስታ ጀልባው ከእናንተ ወደብ ወደ እኛ የሚነሣው በዋዜማው፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። ካፒቴኑን አንድ ቦታ እንዲይዝልኝ ለምኜዋለሁ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔም አንቺን ምንም አልጠይቅሽም። ሐሙስ ግን ሰውየው ከጠየቀኝ እመልስለታለሁ።

ፈጣሪ ልጆችሽን ይጠብቅልሽ፤ ለአንቺም ብርታቱን ይስጥሽ። አልጋሽን አንጥፌልሻለሁ።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ